ጎግል አዲሱን ገጽ ለምን አያገኘውም? አሮጌውን ዋጋስ ለምን አይለቅም?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ባሕር ዳር ላይ የጣና ገዳማት የጀልባ ጉብኝት የሚያዘጋጅ ትንሽ ድርጅት አለን። ድረ ገጻችን በወርድፕረስ የተሠራ ነው፤ 40 ገጽ ገደማ አለው። ከሁለት ወር በፊት የናርጋ ሥላሴን ጉዞ ጨምሮ ስድስት አዲስ ገጾች ጫንን፤ ጎግል ላይ አንዱም አይወጣም። መነሻ ገጹ ላይ ‹ተጨማሪ ጉዞዎች› የሚለው ሲጫን ይመጣሉ፤ ቴሌግራም ቻናላችን ላይም ሊንካቸውን ለጥፈናል። የጎግል የድረ ገጽ መከታተያ የሆነው ሰርች ኮንሶል አራቱን ‹ዲስከቨርድ፣ ከረንትሊ ኖት ኢንዴክስድ›፣ ሁለቱን ‹ክሮውልድ፣ ከረንትሊ ኖት ኢንዴክስድ› ይላቸዋል። የዋጋ ገጻችንን ብንቀይርም ፍለጋ ላይ የሚታየው የድሮው ዋጋ ነው። የ2015 ዓ.ም. የዋጋ ገጽን ደግሞ እንዳይታይ ለፍለጋ ፕሮግራሞች መመሪያ በሚሰጠው የሮቦትስ ፋይል ዘጋነው፤ እሱ ጭራሽ ቁጭ ብሏል። የገጾቻችን አድራሻ ዝርዝር የሆነውን ሳይትማፕ አስገብተናል፣ ገጹ እንዲመዘገብ የሚጠይቀውን ‹ሪኩዌስት ኢንዴክሲንግ› የሚለውን በተንም በየቀኑ እንጫናለን። ምን ቀረን?»

ሦስቱ ችግሮች አንድ ይመስላሉ እንጂ ምክንያታቸው ለየቅል ነው። አዲሶቹ ገጾች የተጓተቱት በዋናነት ከራሳችሁ ድረ ገጽ ወደ እነሱ የሚያደርስ ሊንክ ስለሌለ ነው። የዋጋው ነገር ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ጎግል ተመልሶ አልመጣም፣ ወይ መጥቶ አሮጌውን ቅጂ ከእናንተው ሰርቨር ወስዷል። የትኛው እንደሆነ በአምስት ደቂቃ ይለያል። የ2015ቱን ገጽ እንዳይጠፋ የያዘው ደግሞ ራሱ የዘጋችሁበት ፋይል ነው።

ከሊንኩ እንጀምር፤ ዋናው እሱ ነውና። በዓለም ላይ ያሉ ገጾች ሁሉ የተመዘገቡበት መዝገብ የትም የለም። ጎግልቦት የሚባለው ፕሮግራም የሚያውቀውን ገጽ ያነባል፣ ውስጡ ያሉትን ሊንኮች ይለቅማል፣ ያላያቸውን አድራሻዎች ወረፋ ያስይዛል፣ ከወረፋው ቀጣዩን ያነሳል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሊንክ የሚባለው ገጹ የተጻፈበት ኮድ፣ ማለትም ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ በ‹ኤ› ታግና በ‹ኤችሬፍ› የተጻፈ እውነተኛ አድራሻ ነው። ጎግል ጃቫስክሪፕትንም፣ ማለትም ገጹ ውስጥ የሚሠራውን ፕሮግራም ያስኬዳል፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በየጊዜው በሚታደስ የክሮም ሞተር ነው የሚሠራው። ነገር ግን በተን አይጫንም፤ ተጨማሪ እስኪመጣለት ወደ ታች እያንሸራተተ አይጠብቅም። የእናንተ «ተጨማሪ ጉዞዎች» የተሠራው ለሰው ጣት ነው። ቦቱ የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች አይቶ ገጹ አለቀ ብሎ ይሄዳል።

ቴሌግራም ሰው ያመጣላችኋል፤ ቦቱን ያመጣል ብላችሁ ግን አትቁጠሩ። አብዛኛው ሰው ልጥፉን የሚያነበው አፑ ውስጥ ነው፤ እዚያ ውስጥ ቦቱ አይገባም። ፌስቡክም ብዙው ይዘቱ ተመዝግቦ ለገባ ሰው ብቻ የሚታይ ነው፣ ወደ ውጭ በሚወጡት ሊንኮችም ላይ «ኖፎሎው»፣ ማለትም «አትከተል» የሚል ምልክት ይለጠፋል። የባሕር ዳር ነጋዴ ሥራውን ሁሉ ቴሌግራም ላይ መሥራቱ ለገበያ አይከፋም፤ ለፍለጋ ግን ያው እንዳልተጻፈ ነው።

ስለዚህ ጉዞዎቹ ሁሉ በተራ ሊንክ የተዘረዘሩበት አንድ ገጽ ሥሩና ከዋናው ሜኑ ጋር አያይዙት። 40 ገጽ ባለው ድረ ገጽ ማንኛውም ገጽ ከመነሻው በሁለት ክሊክ መደረስ አለበት፤ ሦስት ከሆነ በዝቷል። በየጽሑፉ ውስጥም አገናኙ። የዘጌ ገጽ ላይ ስለ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስትጽፉ፣ ጉዞውን ወደ ደቅ ደሴት ማራዘም ለሚፈልግ የናርጋን ገጽ እዚያው ሊንክ አድርጉለት። የሊንኩ ቃል «እዚህ ይጫኑ» ሳይሆን «የናርጋ ሥላሴ ጉዞ» ይሁን፤ ቦቱ ገጹ ስለ ምን እንደሆነ ከሊንኩ ቃልም ይገምታልና። እንግዳ የሚልክላችሁ ሆቴል የራሱ ድረ ገጽ ካለው አንድ ሊንክ እንዲያስቀምጥላችሁ ጠይቁት። እኔ ከሳይትማፕና ከ«ሪኩዌስት ኢንዴክሲንግ» በፊት ይህን ነው የማስቀድመው።

ሳይትማፕ ጥቆማ ነው፤ ጎግልን አያስገድደውም። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎግል ጀመረው፣ በ2006 ያሁና ማይክሮሶፍት ተቀበሉት። አንድ ፋይል እስከ 50,000 አድራሻ ወይም ሳይጨመቅ እስከ 50 ሜጋባይት ይይዛል፤ ለእናንተ አንድ ፋይል ከበቂ በላይ ነው። ፕለጊኖች፣ ማለትም ወርድፕረስ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ «ፕራዮሪቲ» እና «ቼንጅፍሪክ» የሚባሉ መስኮች ያስሞሏችኋል፤ ጎግል ሁለቱንም አያያቸውም፣ ጊዜ አታጥፉባቸው። የሚያየው «ላስትሞድ»ን፣ ማለትም ገጹ መጨረሻ የተቀየረበትን ቀን ነው። እሱንም የሚጠቀምበት እውነት ሆኖ ካገኘው ብቻ ነው። አንዳንድ ፕለጊን በየሌሊቱ በሁሉም ገጽ ላይ የዕለቱን ቀን ያትማል። ጎግል መጥቶ ምንም እንዳልተቀየረ ደጋግሞ ካየ ቀኑን ማመን ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ለውጥ ብታስመዘግቡም ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ልዩ ወጥመድ አለ። ላስትሞድ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. የተቀየረ ገጽ 2025-09-11 ተብሎ መመዝገብ ሲገባው፣ የኢትዮጵያ ካሌንደር ፕለጊን ያለበት ድረ ገጽ 2018-01-01 ብሎ ሊያወጣው ይችላል። ማሽኑ ያን የሚያነበው የጃንዋሪ 2018 ገጽ ብሎ ነው፤ ትናንት የተጻፈውን ከሰባት ዓመት በላይ ያስረጀዋል። ሰዓትም ከተጻፈ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይሁን፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት 14:00 ነው፣ ጫፉ ላይም የኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነት የሆነው +03:00 ይታከላል። ሳይትማፑን ብራውዘር ላይ ከፍታችሁ አሥር መስመር ብታነቡ ይህ ወዲያው ይታያል። ገጹ ላይ ለአንባቢ የሚታየውን ቀን ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መተው ትችላላችሁ፤ «ዓ.ም.» የምትለዋን ብቻ አትርሱ።

አሁን ወደ ሁለቱ የኮንሶል ቃላት። «ዲስከቨርድ» ማለት አድራሻውን አውቄዋለሁ፣ ገና አልከፈትኩትም ማለት ነው። አራቱ ገጾች ሳይትማፑ ላይ ስላሉ ታወቁ፤ ከድረ ገጹ ውስጥ ማንም ስለማይጠቁማቸው ግን ወረፋው መጨረሻ ላይ ቀሩ። ሊንኩ ሲስተካከል ይህ ይፈታል። «ክሮውልድ» ግን ሌላ ነገር ነው። ከፍቼ አንብቤዋለሁ፣ መዝገቤ ውስጥ ለማስገባት ግን አልመረጥኩትም ይላል። ለዚህ ሊንክ ብቻ አይበቃም።

የጉብኝት ድረ ገጾች ላይ የዚህ ዋና ምክንያት ድግግሞሽ ነው። አንድ አንቀጽ ተጽፎ የገዳሙ ስም ብቻ እየተቀየረ ለዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ለአዝዋ ማርያም፣ ለክብራን ገብርኤል ይለጠፋል። ማሽኑ ሦስቱን አንድ ገጽ አድርጎ ያያቸውና አንዱን ብቻ ይይዛል። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ከፍታችሁ ስሙን ሸፍናችሁ አንብቡ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ካልለያችሁ ጎግልም አይለየውም። ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባ፣ ናርጋ ሥላሴ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ እንደተሠራና ደቅ ደሴት ላይ እንደሚገኝ፣ ጀልባው ከየትኛው መሳፈሪያ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ መመለሻው እንዴት እንደሚሆን፣ የገዳሙ መግቢያ ክፍያ ከጀልባው ዋጋ ውጭ መሆን አለመሆኑ፤ የመንገደኛው ጥያቄ ይህ ነው፣ ገጹንም ከሌላው የሚለየው ይኸው ነው። ሌላው ምክንያት ጽሑፉ ጭራሽ ጽሑፍ አለመሆኑ ነው። ዋጋውና መርሐ ግብሩ ፖስተር ላይ ተሠርቶ እንደ ፎቶ ከተጫነ ለቦቱ ገጹ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍም ሳይቀየር ከተገለበጠ እንዲሁ ነው። እነዚያ ፎንቶች የላቲን ፊደል ላይ የግዕዝ መልክ የሚያለብሱ ነበሩ፤ ማሽኑ የሚያነበው ከሥር ያለውን ትርጉም የለሽ የላቲን ጥርቅም ነው። ጽሑፉ ሁሉም መሣሪያ በሚያነበው የፊደል ሥርዓት፣ በዩኒኮድ መሆኑን ለማወቅ ወደ ስልካችሁ መልእክት መጻፊያ ገልብጡት፤ ግዕዝ ሆኖ ከወጣ ደህና ነው።

ጎግል ተመልሶ የሚመጣው መቼ ነው? ቋሚ ቀጠሮ የለውም። ለእያንዳንዱ ገጽ ከዚህ በፊት ምን ያህል እንደሚቀየር ያየውንና ገጹ ምን ያህል ተፈላጊ እንደሆነ አይቶ ይገምታል። ሦስት ጊዜ መጥቶ ምንም ያልተቀየረ ገጽ ካገኘ አራተኛውን ያርቀዋል። ብዙ በተቀየረ ቁጥር ብዙ ይመጣል ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በሒሳብ እንዳሳዩት፣ የቅጂዎችን ትኩስነት ለመጠበቅ ጉብኝትን እንደ ለውጡ ፍጥነት ማከፋፈል ሁሉንም እኩል ከመጎብኘት የባሰ ውጤት ይሰጣል። በየደቂቃው የሚቀየረውን ማሳደድ ጉልበት ይበላል፣ ቅጂው ግን ተወስዶ ሳይጨርስ ያረጃል። ስለዚህ ገጹ ላይ በየሰዓቱ የሚቀያየር የምንዛሪ ተመን ወይም የጎብኚ ቆጣሪ መለጠፍ ቦቱን አይስበውም። ትንሽ ድረ ገጽ ላይ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ የተለመደ ነው። ለጥምቀት የምታስከፍሉትን ጥር 5 ብትቀይሩት ለጥር 11 ላይደርስ ይችላል፤ ኅዳር ላይ ጫኑት።

«ክሮውል በጀት»፣ ማለትም ጎግል ለአንድ ድረ ገጽ የሚመድበው የጉብኝት መጠን፣ የሚል ነገር አንብባችሁ ከሆነ እርሱት። ጎግል ራሱ ይህን የሚመክረው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ገጽ ላላቸው፣ ወይም በየቀኑ የሚቀየሩ ከ10,000 በላይ ገጾች ላሏቸው ነው። አንድ ሁኔታ ብቻ ይመለከታችኋል፦ የቦታ ማስያዣ ካሌንደር ካላችሁ «ቀጣይ ወር» የሚለው ሊንክ ማለቂያ ሳይኖረው አዲስ አድራሻ እየፈጠረ ቦቱን ወደ 2090ዎቹ ይዞት ሊሄድ ይችላል። ያንን በሮቦትስ ፋይል ዝጉት፤ ለፋይሉ ትክክለኛው ሥራ ይህ ነው።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ሰርች ኮንሶል ውስጥ የዋጋ ገጹን አድራሻ ከላይ ባለው ሳጥን አስገቡና «ላስት ክሮውል» የሚለውን ቀን እዩ። ቀኑ እናንተ ዋጋውን ከቀየራችሁበት በፊት ከሆነ ጎግል ገና አልመጣም። አንድ ጊዜ «ሪኩዌስት ኢንዴክሲንግ» ጫኑና ጠብቁ። ቀኑ ከለውጡ በኋላ ከሆነ ግን መጥቷል፤ አሮጌውን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ። «ቪው ክሮውልድ ፔጅ» ብላችሁ የወሰደውን ኤችቲኤምኤል አንብቡ። የድሮው ዋጋ እዚያ ውስጥ ካለ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የካሽ ፕለጊኑ ነው። ወርድፕረስ ላይ አስተዳዳሪ ሆኖ ለገባ ሰው አዲሱን ገጽ ያሳያል፣ ለሌላው ዓለም ቀድሞ ያስቀመጠውን ቅጂ ያድላል። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ ያላችሁ ሁሉ አዲሱን ታያላችሁ፣ እንግዳውና ቦቱ አሮጌውን። ገብቶ በማያውቅ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ሞክሩት። ተመሳሳዩ ካሽ ሌላም ጉዳት አለው፦ ጎግልቦት «ከባለፈው ወዲህ ተቀይሯል?» ብሎ ሲጠይቅ ሰርቨሩ በስህተት 304፣ ማለትም «አልተቀየረም» ከመለሰ፣ ቦቱ ገጹን ሳያወርድ ይመለሳል። ካሹን አጽዱ፣ ገጽ ሲታደስ ራሱ እንዲያጸዳም አድርጉት። ኤችቲኤምኤሉ ትክክል ሆኖ ፍለጋው ሥር የሚታየው አጭር መግለጫ ብቻ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ዋጋውን ለፍለጋ ውጤት ተብሎ በሚጻፈው የገጹ መግለጫ፣ «ሜታ ዲስክሪፕሽን» ውስጥ ጽፋችሁት ረስታችሁት ይሆናል። ዋጋን እዚያ አለመጻፍ ይሻላል።

የ2015ቱ ገጽ። የሮቦትስ ፋይል እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረ ልማድ ነው፤ በ2022 አርኤፍሲ 9309 ተብሎ መደበኛ ደንብ ሆነ። የሚለው «አታንብብ» ነው፤ «አታሳይ» አይልም። ጎግል ቀድሞ የሚያውቀውን ወይም ሌላ ቦታ ሊንኩን ያየውን አድራሻ ሳያነበው ሊያሳየው ይችላል። «ኖኢንዴክስ»፣ ማለትም «አትመዝግብ» የሚለው ትእዛዝ ገጹ ውስጥ የተቀመጠ ስለሆነም፣ በሮቦትስ ዘግቶ ኖኢንዴክስ መጻፍ በር ቆልፎ ማስታወቂያውን ከውስጥ እንደ መለጠፍ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የዘጋችሁበትን መስመር ሰርዙ። ጎግል የሮቦትስ ፋይልን እስከ 24 ሰዓት ቅጂውን ይዞ ስለሚቆይ አንድ ቀን ስጡት። ከዚያ የድሮውን አድራሻ በ301 ሪዳይሬክት፣ ማለትም በቋሚ ማዛወሪያ፣ በቀጥታ ወደ አሁኑ የዋጋ ገጽ ምሩት፤ ሪዳይሬክቱን ቢያንስ ለአንድ ዓመት አትንኩት። ወደ መነሻ ገጽ አትምሩት፤ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ ገጽ ላይ የሚያደርስ ሪዳይሬክትን ጎግል እንደ ጠፋ ገጽ ይቆጥረዋል። ምትክ ለሌለው ገጽ 404፣ ማለትም «አልተገኘም»፣ ወይም 410፣ ማለትም «ተወግዷል»፣ መመለስ ምንም ነውር የለውም። ቸኩላችሁ ከሆነ ኮንሶሉ ውስጥ «ሪሙቫልስ» የሚባለው ለስድስት ወር ያህል ይደብቀዋል፤ መደበቅ ብቻ ነው፣ ዘላቂውን ሥራ በዚያ ጊዜ ውስጥ መጨረስ የእናንተ ፋንታ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን በየዓመቱ አዲስ የዋጋ ገጽ መክፈት አቁሙ። ዓመተ ምሕረት የሌለበት አንድ አድራሻ ይኑር፣ ይዘቱ ብቻ ይቀየር። አድራሻው ያከማቸውን ሊንክና ታሪክ በየመስከረሙ መጣል ኪሳራ ነው።

አድራሻን በግዕዝ ፊደል ስለመጻፍ አልጠየቃችሁም፤ ግን የሥላሴ ገጽ ስላላችሁ ይነሳ። ይሠራል፣ ጎግልም ያነበዋል። ችግሩ ለማሽን «ሥላሴ» እና «ስላሴ»፣ «ባሕር» እና «ባህር»፣ «ዓባይ» እና «አባይ» የተለያዩ አድራሻዎች መሆናቸው ነው። አንዱ ሠራተኛ በንጉሡ ሠ፣ ሌላው በእሳቱ ሰ ሊንክ ካደረገ ከሁለቱ አንዱ 404 ላይ ይወድቃል። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ባይትም በሦስት ምልክት ስለሚጻፍ፣ ሲገለበጥ ወደ ዘጠኝ ምልክት ይለወጣል፤ 20 ፊደል ያለው አድራሻ 180 ምልክት ይሆናል፣ መልእክት ውስጥም ሊቆረጥ ይችላል። አጭር የላቲን አድራሻ ይቀላል። ቀድሞ በግዕዝ የወጣውን ግን ለማሳመር ብላችሁ አትቀይሩት። ጽሑፉ ውስጥ ሁለቱንም አጻጻፍ አንድ አንድ ቦታ ማስገባት አይከፋም፤ ሰው እንደመጣለት ነው የሚፈልገው።

ሰርቨሩንም ፈትሹ። ድረ ገጹ ቢሮ ባለ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ቦቱ መልስ ያጣል፤ ሰርቨር ደጋግሞ ሲዘገይ ወይም 500፣ ማለትም «የሰርቨር ስህተት» ሲመልስ ጎግል ጉብኝቱን ይቀንሳል። የሮቦትስ ፋይሉ ራሱ 500 ከመለሰ ደግሞ መላውን ድረ ገጽ ለጊዜው እንደተዘጋ ይቆጥረዋል፤ ፋይሉ ጨርሶ ከሌለና 404 ከመለሰ ግን ሁሉ ክፍት ነው ብሎ ይቀጥላል። ለጥገና ስትዘጉ 503፣ ማለትም «ለጊዜው ዝግ ነው» እንዲመልስ አድርጉ፣ ለቀናት ግን አይቆይ። የደኅንነት ፕለጊናችሁ ከኢትዮጵያ ውጭ ያለ ጎብኚን የሚያግድ ከሆነ ጎግልቦትንም አግዶታል፤ የሚመጣው በአብዛኛው ከአሜሪካ አድራሻዎች ነው። ወርድፕረስ ላይ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሪዲንግ» ገብታችሁ የፍለጋ ሞተሮች እንዳይመዘግቡ የሚጠይቀው ሳጥን ምልክት እንደሌለበትም እዩ፤ ድረ ገጹን የሠራው ልጅ በሥራ ላይ ሳለ አብርቶት ረስቶት የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው።

«ሪኩዌስት ኢንዴክሲንግ»ን በየቀኑ መጫኑን ተዉት። ለአንድ አድራሻ ደጋግሞ መጠየቅ ወረፋውን አያሳጥርም፤ የቀን ኮታችሁን ብቻ ይጨርሳል። የማይክሮሶፍት የፍለጋ ሞተር በሆነው ቢንግ ላይ ግን የተሻለ መንገድ አለ። ማይክሮሶፍትና የሩሲያው የፍለጋ ድርጅት ያንዴክስ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት «ኢንዴክስናው» ገጽ በተቀየረ ቅጽበት አድራሻውን እናንተው እንድትልኩ ያደርጋል። አንድ የቁልፍ ፋይል ድረ ገጹ ሥር ይቀመጣል፣ የቀረውን ፕለጊን ይሠራዋል። ጎግል አልተቀበለውም፤ ይሁንና ዳክዳክጎ የሚባለው የፍለጋ ሞተርም አብዛኛውን ውጤቱን ከቢንግ ስለሚወስድ የውጭ ጎብኚ ለሚጠብቅ ድርጅት አሥር ደቂቃ ቢሰጠው አይበዛበትም።

ሊንኮቹን ካስተካከላችሁ ከሦስት ሳምንት በኋላ አራቱን ገጾች ኮንሶሉ ላይ እንደገና እዩ። ወደ «ክሮውልድ» ከተሻገሩ የቀረው የጽሑፍ ሥራ ነው። አሁንም «ዲስከቨርድ» ላይ ካሉ የቦቱን ጉብኝት በሚዘግበው «ክሮውል ስታትስ» ውስጥ የሰርቨሩን የምላሽ ጊዜና የ500ዎቹን ብዛት አውጥታችሁ ለሆስቲንግ ሰጪያችሁ አሳዩት።